ከጅማ ሆኖ የብሪታኒያን የእናቶች ሞት አኃዝ ማንበብ

ቡና በሚለቀምበት ወቅት፣ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ የወንድሜ ልጅ ቆጪ ሰፈር ካለው ቤቴ ገብቶ ስልኩን ረከቦቱ ላይ፣ ከሲኒዎቹ መካከል አስቀመጠው። «አክስቴ፣ እንግሊዝም እንደ እኛ ሆነች! የሚሞቱት እናቶች በግማሽ ጨምረዋል ይላል» አለኝ። ልጁ የታሪክ መምህር ነው። የነገሥታትን የዘመን ቁጥር ሲጠራጠር ይውላል፤ መቶኛ ያለበት ዐረፍተ ነገር ሲያይ ግን እንደ ዳዊት ይሳለመዋል።

እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ሃያ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ፤ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ከከተማው ውጭ ባሉ ጤና ጣቢያዎች፣ ቀሪውን እዚሁ ጅማ። በመሐል ለጥቂት ዓመታት የእናቶች ሞት ሪፖርት የማጠናቀር ሥራ ተሰጥቶኝ ስለነበር፣ አኃዝ እንዴት እንደሚወለድ አውቃለሁ። አንዳንዱ በሰላም ይወለዳል፣ አንዳንዱ ተጎትቶ ይወጣል። ያን ዕለት ከአቦል እስከ በረካ ከልጁ ጋር ያደረግነውን ነው እዚህ የምጽፈው። እርሳስ፣ አንድ ገጽ ወረቀትና የስልክ ካልኩሌተር ካላችሁ እናንተም ልትሠሩት ትችላላችሁ። የብሪታኒያን አኃዝ የመረጥኩት ልጁ ስላመጣው ብቻ አይደለም። እንደዚያ አገር በስም በስም እየፈለገ፣ ለምን ሞተች ብሎ እየጠየቀ ለብዙ አሥርት ዓመታት የጻፈ ጥቂት ነው፤ ለመማር የሚመች አኃዝ አላቸው። የእነሱን ዓመታት ስጠቅስ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ።

የተቆጠረችው ማን ናት?

ሒሳብ ከመጀመራችሁ በፊት ይህን ጠይቁ። «የእናት ሞት» ማለት የወለደች ሴት ሁሉ ሞት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ትርጉም እንዲህ ነው፤ ሴቲቱ ነፍሰ ጡር ሳለች፣ ወይም እርግዝናው ካበቃ በኋላ በ42 ቀናት ውስጥ ስትሞት፣ የሞቷም ምክንያት ከእርግዝናው ወይም ከተደረገላት ሕክምና የመጣ፣ ወይም በእርግዝናው የተባባሰ ሲሆን። እርግዝናው ያበቃው በወሊድም ይሁን በውርጃ ለውጥ የለውም። ደም ፈሷት ብትሞት ቀጥተኛ ሞት ነው። ቀድሞ የነበረ የልብ ሕመም እርግዝና አክብዶት ብትሞት ቀጥተኛ ያልሆነ ይባላል፤ ግን ይቆጠራል። በመኪና አደጋ ብትሞት አይቆጠርም።

በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። በመስክ ላይ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ሪፖርት በማጠናቅርበት ዘመን፣ ከጅማ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ርቃ ባለች ቀበሌ አንዲት አራስ በአምስተኛው ሳምንቷ ሞተች። ትኩሳት ነበራት፤ ቤተሰቡ «ምች መታት» አለ፤ ቀበሯት። ጤና ጣቢያው አላያትም፣ ቀበሌው አልጻፋትም። እኔ ዘንድ የደረሰችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለሌላ ሰው ለቅሶ ሄዳ ወሬውን ስለሰማች ብቻ ነው። ያ ለቅሶ ባይኖር ኖሮ ያቺ ሴት በማንም አገር ግራፍ ላይ አትገኝም ነበር። ትኩሳቱ የማሕፀን ኢንፌክሽን ይሁን ወባ ማንም አልለየውም፤ ለመቆጠሯ ግን ሁለቱም ይበቁ ነበር፤ ምክንያቱም በእርግዝናና በአራስነት የሚከፋ ወባ ቀጥተኛ ካልሆኑት ምክንያቶች አንዱ ነው።

አውሮፓ ውስጥ ይህ የለም ብላችሁ ካሰባችሁ ተሳስታችኋል። ብሪታኒያ ውስጥ ሆስፒታሎች እያንዳንዱን ሞት ያሳውቃሉ፤ በዚያ ላይ የሟች ሴቶች መዝገብ ከወሊድ መዝገብ ጋር ይመሳከራል፤ የሞት ምስክር ወረቀቷ ላይ እርግዝና ባይጠቀስም በቅርብ የወለደች ሴት ስሟ ከሁለቱም መዝገብ ብቅ ይላል ማለት ነው። ይህን ያህል የሚለፉበት ምክንያት አላቸው። በ2022 ስምንት የአውሮፓ አገሮችን ያነጻጸረ ጥናት እንዳሳየው፣ እንግሊዞች የሞት ምስክር ወረቀትን ብቻ ቢቆጥሩ ኖሮ ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ሟቾች ያመልጧቸው ነበር። ፈረንሳይና ጣሊያንም እንደዚያው።

እንግዲህ ሁለት አገር ጎን ለጎን ተጽፎ ስታዩ የትኛው አጥብቆ እንደፈለገ ሳታውቁ አትፍረዱ። አጥብቆ የፈለገ ብዙ ያገኛል። በአንድ አገር ውስጥም ቢሆን፣ መስመሩ ድንገት ሽቅብ ሲወጣ፣ ሞት ከመጨመሩ በፊት ፍለጋው ተሻሽሎ እንደሆነ እዩ። እኛ ዘንድ የእናቶች ሞት ቅኝት ሥርዓት ሥራ በጀመረበት በ2005 ዓ.ም. አካባቢ፣ የሚላክልን ቅጽ በበዛ ቁጥር አንዳንድ ኃላፊዎች ይቆጡ ነበር፤ ሞቱን እኛ ያመጣነው ይመስል።

ለስንት ተካፈለ?

አሁን ካልኩሌተር አውጡ። ብሪታኒያ ውስጥ ከ2020 እስከ 2022 ባሉት ሦስት ዓመታት፣ በእርግዝና ወይም ከዚያ በኋላ ባሉት ስድስት ሳምንታት 272 ሴቶች ሞተዋል። በዚያው ጊዜ የተመዘገቡት ወላዶች 2,028,543 ናቸው። 272ን በ100,000 አባዙና ለ2,028,543 አካፍሉ፤ 13.41 ይሰጣችኋል። ልጁ ያመጣው ዜና የተመሠረተበት ቁጥር ይህ ነው። ያነጻጸሩት ከ2017 እስከ 2019 ካለው ጋር ነው፤ ያኔ ከ2,173,810 ወላዶች 191 ሞተዋል። እሱንም ራሳችሁ አካፍሉት፤ 8.79 ነው። ከ8.79 ወደ 13.41 ስትሄዱ 53 በመቶ ገደማ ጭማሪ ታገኛላችሁ። «በግማሽ ጨመረ» የሚለው እንግዲህ ውሸት አይደለም።

ልጁ አካፍሎ ያንኑ ቁጥር ሲያገኝ ደስ አለው። ከዚያ በፊት የጋዜጣ ቁጥር ራሱ አካፍሎ እንደማያውቅ ነገረኝ። አላመንኩትም፤ ግን ስንቶቻችን አካፍለን እናውቃለን?

ታችኛው ቁጥር ላይ ትንሽ ቆዩ። እንግሊዞች የሚያካፍሉት ለወላዶች ቁጥር ነው፤ መንታ የወለደች አንዴ ትቆጠራለች፣ ከ24 ሳምንት በኋላ ልጇ ሞቶ የተወለደባትም ትካተታለች። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በሕይወት ለተወለዱ ሕፃናት ያካፍላል። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ሆኖም በነጥብ ለሚከራከር ሰው ክርክሩን ሊገለብጠው ይችላል። እኛ ዘንድ ያለው ችግር የነጥብ አይደለም። በወረዳ ደረጃ ታችኛው ቁጥር ብዙ ጊዜ የሕዝቡን ብዛት በአንድ መቶኛ በማባዛት የተገመተ «የሚጠበቅ ወሊድ» ነው። አንድ ጊዜ ከአንድ ወረዳ «ከሚጠበቁት እናቶች 104 በመቶ በጤና ተቋም ወልደዋል» የሚል ሪፖርት ደርሶኛል። አራቱ በመቶ ከየት መጡ ብዬ ስልክ ብደውል፣ የተቀበለኝ ወጣት «ትጋታችን ነው» አለኝ። ግምቱ አንሶ ይሆናል፤ ወይም የጎረቤት ወረዳ ሴቶች መጥተው ወልደው ይሆናል። ሁለቱም ይሁን፤ እንደዚያ ባለ ቁጥር የተካፈለ የሞት ምጣኔ ግን ከጭስ ላይ ቤት እንደ መሥራት ነው።

ዓመቱንም አደራ። የእኛ ሪፖርት በበጀት ዓመት ነው፤ ከሐምሌ እስከ ሰኔ። የእነሱ ከጥር እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ያውም በፈረንጅ ጥርና ታኅሣሥ። «የ2016 አኃዝ» የሚል ወረቀት ስታገኙ የማን 2016 እንደሆነ ሳታረጋግጡ አትጥቀሱት። እኔ በዚህ ስህተት ስብሰባ መሐል ታርሜ አውቃለሁ፤ ያረመችኝ ሻይ ልታቀርብ የገባች ልጅ ነበረች።

ቁጥሩ ራሱ ይንቀጠቀጣል

አሁን የምነግራችሁን ማንም ቢያስተምረኝ ኖሮ ከአንድ የምስክር ወረቀት እፍረት እድን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሪፖርት በማጠናቅርበት የመጀመሪያ ዓመት በአንድ ወረዳ 4 እናቶች ሞቱ። በሁለተኛው ዓመት 2። «የእናቶችን ሞት በግማሽ ቀነሰች» ተብሎ በስብሰባ ላይ ተጨበጨበ፤ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፣ ፎቶ ተነሣሁ። ወረቀቱን ሳሎን ሰቀልኩት። በሦስተኛው ዓመት 5 ሞቱ። እነዚያው ሰዎች ያንኑ አዳራሽ ሞልተው «ምን አጠፋሽ?» አሉኝ። አልቅሼ ቤቴ ገባሁ፤ ወረቀቱንም አወረድኩት። በሁለተኛው ዓመት ያደረግሁት፣ በሦስተኛው የተውኩት ነገር አልነበረም። ክረምቱ ያው ክረምት፣ አምቡላንሱ ያው ጎማው የሚፈነዳ አምቡላንስ ነበር።

ብዙ ቆይቶ አንድ የስታቲስቲክስ ሰው ይህችን ቀላል ዘዴ አሳየኝ። የሟቾችን ብዛት ውሰዱ። ስኩዌር ሩቱን፣ ማለትም በራሱ ሲባዛ ያንን ቁጥር የሚሰጠውን፣ በካልኩሌተሩ አግኙ። ያገኛችሁትን እጥፍ አድርጉት። ከሟቾቹ ብዛት ስትቀንሱና ስትደምሩ የምታገኙት ወሰን ዕድል ብቻውን ቁጥሩን ወዲህና ወዲያ ሊያንገዋልለው የሚችልበት ስፋት ነው። ከ4 ሞት ስኩዌር ሩቱ 2፣ እጥፉ 4፤ ስለዚህ ወሰኑ ከ0 እስከ 8 ነው። 2ም 5ም እዚያ ውስጥ ተኝተዋል። የተጨበጨበልኝም የተቆጡብኝም ለአንድ ዓይነት ነገር ነበር፤ ለምንም። (ከአሥር በታች ላለ ቁጥር ዘዴው በጣም ሻካራ ነው፤ ሆኖም ከጭብጨባ ይሻላል።)

አሁን በእንግሊዞቹ ላይ ሞክሩት። የ191 ስኩዌር ሩት 14 ገደማ ነው፤ እጥፉ 28፤ ወሰኑ ከ163 እስከ 219 ሟች። እነዚህን ለወላዶቹ ስታካፍሉ ከ7.5 እስከ 10.1 ይሆናል። የ272 ደግሞ 16.5 ገደማ፤ እጥፉ 33፤ ወሰኑ ከ239 እስከ 305፤ በምጣኔ ከ11.8 እስከ 15.0። የመጀመሪያው ወሰን ጣሪያ 10.1፣ የሁለተኛው ወለል 11.8። አይነካኩም። ስለዚህ ጭማሪው የዕድል መንገዋለል አይደለም፤ አንድ ነገር ሆኗል። «ታዲያ ትክክል ነበርኩ!» ብሎ ልጁ ከበርጩማው ተነሣ። ተቀመጥ አልኩት።

ከ272ቱ ውስጥ 38ቱን የገደላቸው ኮቪድ ነው። እነሱን አውጡና እንደገና አካፍሉ፤ 234 ይቀራል፣ ምጣኔው 11.54 ይሆናል። ወሰኑን ስትሠሩት ከ10.0 እስከ 13.1 ነው፤ ከቀድሞው ከ7.5–10.1 ጋር ጫፍ ለጫፍ ብቻ ይነካካል። ጫፍ ለጫፍ መነካካት ሁለቱ እኩል ናቸው ማለት አይደለም። የእኔ ፍርድ፣ ከጭማሪው 40 በመቶ ገደማው ወረርሽኙ ነው፤ ከሥሩ ግን ኮቪድ የማያብራራው፣ ከዚያ የሚበልጥ ጭማሪ አለ።

ቀጥሎ ያለው ዘገባ ከ2021 እስከ 2023 ነው፤ ከ2,004,184 ወላዶች 254 ሞቱ፤ 12.67። «ቀነሰ» ልትሉ ነው። ሁለት ነገር ያግዳችኋል። አንደኛ፣ ወሰኑን ብትሠሩት ከ11.1 እስከ 14.3 ነው፤ 13.41 መሐሉ ላይ ተቀምጧል። ሁለተኛ፣ 2021 እና 2022 በሁለቱም ዘገባ ውስጥ አሉ። በየዓመቱ አንድ ዓመት እየጣለ አንድ ዓመት እየጨመረ የሚሄድ የሦስት ዓመት ድምር፣ ከራሱ ጋር እንጂ ከሌላ ጋር አይነጻጸርም ማለት ይቻላል። ንጹሕ ማነጻጸሪያ የሚሆኑት የማይደራረቡ ናቸው፤ 2017–19ን ከ2020–22 ጋር፣ እንደዚያ።

ይህንን ወሰን በእኛ አኃዝ ላይም ልመዱት። የ2011 የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ (እንደ ፈረንጆቹ) ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት 676 እናቶች ይሞታሉ አለ፤ የ2016ቱ 412። ሁለተኛው ከ273 እስከ 551 የሚል ወሰን ተጽፎለታል። ጋዜጣ 412ን ብቻ ያትማል፤ ወሰኑ ግን ከ412 ይልቅ እውነቱን ይናገራል። ዳሰሳው ሞትን የሚቆጥረው ሴቶችን ስለ እህቶቻቸው በመጠየቅ ነው፤ ከዳሰሳው በፊት ያሉትን ሰባት ዓመታት አንድ ላይ ይይዛል። እንግዲህ የ2016 ቁጥር የ2016 ዓመት ፎቶግራፍ አይደለም።

መስመሩ ከየት ይጀምራል?

የታሪክ መምህሩ የተጠመደበት ቦታ ይህ ነው። ግራፍ የሚሠራ ሰው የሚጀምርበትን ዓመት ይመርጣል፤ መነሻ ዓመቱ ደግሞ ግማሹን ታሪክ ይናገራል። ከ2017–19 ከጀመራችሁ ብሪታኒያ እያሽቆለቆለች ነው። ከ2003–05 ከጀመራችሁ ግን ያኔ 13.95 ነበረ፤ ስለዚህ 13.41 «ትንሽ ወረደ» ይባላል። ሁለቱም ሐቅ ነው። አንድ ሰው በሁለቱ መካከል ያለውን፣ ወርዶ ወርዶ እንደገና የወጣውን ጠመዝማዛ ካላሳያችሁ፣ ሊሸጥላችሁ የፈለገው ነገር አለ ማለት ነው።

ወደ ኋላ ስትሄዱ ደግሞ ልብ የሚያቆም ነገር ታያላችሁ። እንግሊዝና ዌልስ ከ1837 ጀምሮ ልደትና ሞትን ይመዘግባሉ። ከ1850ዎቹ እስከ 1935 ድረስ የእናቶች ሞት ምጣኔ አብዛኛውን ጊዜ ከ100,000 ወሊድ በ400ና በ500 መካከል ሲዋዥቅ ኖረ። ሰማንያ ዓመት! በዚህ ጊዜ ውስጥ ባቡር ተዘረጋ፣ ንጹሕ ውኃ በቧንቧ ገባ፣ ከ1900 ወዲህም የሕፃናት ሞት በፍጥነት ወረደ። የእናቶቹ መስመር ግን እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ነበር። የእኛ የ2016 ዳሰሳ 412 እነሱ በአያቶቻቸው ዘመን ከነበሩበት ጋር መሳ ለመሳ ነው ስለው፣ ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ።

ከዚህም የሚብስ አለ። በ1930–32 የተደረገው ቆጠራ እንዳሳየው የሀብታምና የተማሩ ሰዎች ሚስቶች ከቀን ሠራተኛ ሚስቶች ይልቅ በወሊድ ይሞቱ ነበር። ድህነት በወሊድ ሞት ላይ የመጀመሪያው ተጠያቂ ነው ብላችሁ የምታምኑ ከሆነ (እኔም አምናለሁ፣ እዚህ ጅማ ዙሪያ በዓይኔ አይቻለሁ) ይህ ቁጥር ያስደነግጣችኋል። ምክንያቱ ባለ ገንዘቧን ሐኪም ያዋልዳት ነበር፤ ሐኪሙ ይቸኩላል፣ ያለ በቂ ምክንያት ምጥ መሳቢያ መሣሪያ ያስገባል፣ ከትኩሳት በሽተኛ አልጋ በቀጥታ ይመጣል። ድሃዋን አዋላጅ ትጠብቃታለች። አዋላጅ ነኝና ይህን ስናገር ድምፄ ከፍ ይላል፤ ይቅርታ።

ከዚያ በ1935 አካባቢ መስመሩ እንደ ገደል ወደቀ። ጀርመን ውስጥ ፕሮንቶሲል የሚባል ቀይ ቀለም፣ የወሊድ ትኩሳት የሚያመጣውን ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ እንደሚያሸንፍ ታወቀ፤ ለንደን ውስጥ ሌናርድ ኮልብሩክ የተባለው ሐኪም በኩዊን ሻርሎት ሆስፒታል የወሊድ ትኩሳት በያዛቸው አራሶች ላይ ሞከረው፤ አራሶቹ ዳኑ። ይህ የሰልፎናማይድ መድኃኒት ነበር። ፔኒሲሊንና ደም መስጠት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ተከተሉ፣ አዋላጆች በ1936 በወጣው ሕግ ደመወዝተኛ ሆነው በየአካባቢው ተመደቡ። በ1950 ምጣኔው ከ100 በታች ወረደ። በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ማለት ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ሰማንያ ዓመት ሊያደርገው ያልቻለውን።

ስለዚህ ረጅም መስመር ስታነቡ ስብራቱን ፈልጉ፤ መስመሩ የተሰበረበትን ዓመት። ከዚያ በዚያ ዓመት ምን ገባ፣ ምን ወጣ ብላችሁ ጠይቁ። ከ1952 ወዲህ ባሉት የብሪታኒያ ዘገባዎች ሕገ ወጥ ውርጃ ከዋና ዋናዎቹ ገዳዮች አንዱ ነበር፤ ውርጃን የፈቀደው የ1967ቱ ሕግ ከወጣ በኋላ እየከሰመ ሄዶ ጠፋ። ሩማንያ በ1966 ውርጃን ስትከለክል መስመሯ ሽቅብ ወጣ፣ ክልከላው በ1989 መጨረሻ ሲነሣ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ግማሽ ገደማ ወደቀ። ሰው ስለ ጉዳዩ የፈለገውን እምነት ይያዝ፤ የመስመሩ ስብራት ግን ማንም ሊክደው በማይችልበት ቦታ ላይ ነው።

በምን ሞቱ? የማን ልጆች ናቸው?

ይህን ክፍል አጭር አደርገዋለሁ፤ ጀበናው ሦስተኛ ወርዷል። አማካይ ቁጥር በውስጡ የተደበቁትን አያሳይም። በ2020–22 በብሪታኒያ እናቶችን ከሁሉ በላይ የገደለው የደም መርጋት ነው፤ በእግር ደም ሥር ረግቶ ወደ ሳንባ የሚሄደው። ኮቪድ ሁለተኛ፣ የልብ ሕመም ሦስተኛ። እዚህ እኔ ለዓመታት ያየሁት ከሁሉ በፊት ደም መፍሰስ ነው፤ ደም የለም፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ውሳኔው ዘግይቷል። አንድ ዓይነት ስም ያለው ሞት ነው፤ ግን ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ያህል ይራራቃል። ከእነሱ የምንኮርጀው መድኃኒት ሁሉ የእኛን እንደማይፈውስ ከዚህ ታያላችሁ። ከስድስት ሳምንት እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ደግሞ እዚያ ከቀጥተኛ ምክንያቶች ቀዳሚው ራስን ማጥፋት ነው፤ በሌላ ሠንጠረዥ ስለሚጻፍ በ13.41 ውስጥ የለም። እኛ ዘንድ አራሷ በሁለተኛው ወሯ «ዝም አለች» ሲባል ማንም ወደ ጤና ጣቢያ አያመጣትም፤ ፀበል ወይም ዱዓ ይፈለግላታል።

በዚያው ዘገባ ጥቁር ሴቶች ከነጮቹ ወደ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ ምጣኔ ሞተዋል። ይህን ለልጁ ሳነብለት ለንደን ያለችውን የአጎቱን ልጅ ስም ጠራ፤ በሦስተኛ ወሯ ላይ ነች። ያን ማታ ደወልንላት። ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም አንዱ እግርሽ ብቻ ካበጠ፣ «እርግዝና ነው» ብለው ቢመልሱሽም ተመልሰሽ ሂጂ አልኳት። ሳቀች፣ ከዚያ ጻፈችው።

አንድ የመጨረሻ ነገር ከወረቀቱ በላይ ፈልጉ፤ ዘገባው ቆጥሮ ያቆማል ወይስ ይጠይቃል? ስዊድኖች በ1751 በወሊድ የሞቱትን 651 ሴቶች ቆጥረው፣ በቂ አዋላጆች ቢኖሩ ቢያንስ 400ዎቹ ይተርፉ ነበር ብለው ለምክር ቤታቸው አቀረቡ። እንግሊዞች ከ1952 ጀምሮ እያንዳንዱን ሞት ስም ሳይጠሩ፣ ተጠያቂ ሳይፈልጉ፣ በሐኪሞችና በአዋላጆች ዓይን ያነባሉ፤ ምን ቢደረግ ትድን ነበር ይላሉ። እኔ ባጠናቀርኩባቸው ዓመታት ቅጹ ላይ «ሊቀር ይችል ነበር?» የሚል ጥያቄ ነበረ። አብዛኞቹ «አይታወቅም» ተብለው ይመጡ ነበር። እኔ አልፎ አልፎ ስልክ ደውዬ እጠይቅ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ይታወቅ ነበር።

ልጁ ያን ምሽት ለጓደኞቹ የለጠፈውን ጽሑፍ አጥፍቶ አዲስ ጻፈ፤ «በብሪታኒያ በ2017–19 ከ100,000 ወላዶች 8.79 የነበረው የእናቶች ሞት በ2020–22 13.41 ሆኗል፤ ኮቪድ ቢወጣ 11.54 ነው፤ የ2021–23 አኃዝ 12.67 ቢሆንም መውረዱን ገና አያረጋግጥም፤ የእኛ የ2016 ዳሰሳ 412 ነው፣ ከ273 እስከ 551፣ አቆጣጠሩም ሌላ ነው።» ርዝመቱን አልወደድኩትም፤ ስህተት ግን ፈልጌ አጣሁበት። በማግሥቱ ሦስት ሰዎች ብቻ ወደውት ነበር፤ አንዷ እኔ ነኝ።